ቀማሹ የፈረደበት ቢራ

እ.ኤ.አ. በ1838 በኦስትሪያ አገዛዝ ሥር በነበረችው ቦሄሚያ፣ በፕልዘን ከተማ፣ 36 በርሜል የተበላሸ ቢራ በማዘጋጃ ቤቱ ፊት በአደባባይ ተደፋ። ፍርዱ የቀማሹ ነበር። የጠመቃ መብት የነበራቸው የከተማው ባለንብረቶች አዲስ የጋራ ፋብሪካ አቋቋሙ፤ ዮሴፍ ግሮል የተባለውን ባቫሪያዊ ጠማቂም ቀጠሩ። ግሮል በ1842 ፈካ ያለ ብቅልን፣ የዣቴትስን ሆፕ (የአውሮፓ ጌሾ ቢባል ያስኬዳል)፣ የአካባቢውን ለስላሳ ውሃና በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ የሚሠራውን እርሾ አዋሐደ።

የዛሬውም ቀማሽ የሚመዝነው ይህንኑ ውሕደት ነው፤ ወርቃማ ጥራቱን፣ ወፍራም ነጭ አረፋውን፣ ትኩስ ዳቦ የሚያስታውሰውን የብቅል ጣዕም፣ በመጨረሻም ጉሮሮ ሳይቧጭር የሚቆየውን ምሬት። ምሬቱ የጎደለው ስሙን ብቻ የተዋሰ ነው።

ዝናው ለግሮል ብቻ መሰጠቱ ግን ሚዛን ይጎድለዋል። በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ጓዳዎቹን በእጃቸው የፈለፈሉት ሠራተኞች ባይኖሩ ኖሮ፣ ቢራው የሚበስልበት ቅዝቃዜ ከየት ይገኝ ነበር?