የቅባት ሳንባ ምች

ሐኪሞች «ሊፖይድ ኒሞኒያ» ይሉታል፤ እኛ «የቅባት ሳንባ ምች» እንበለው። «ምች» ሲባል ዳማ ከሴ የሚፈልግ እንዳይኖር ብሰጋም፣ «የሳንባ ምች»ን ሁሉም ስለሚያውቀው እሱኑ መረጥኩ። ቅቤ፣ ዘይት ወይም ፓራፊን ወደ ሆድ መውረዱ ቀርቶ ሳንባ ሲገባ የሚመጣ ሕመም ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. በሕክምና ጽሑፍ ሲገለጽ መነሻው አፍንጫ ውስጥ የሚንጠባጠብ የዘይት መድኃኒት ነበር።

ስሙ ለጎንደርና ለሰሜን ጎንደር ደጋ እንግዳ ይሁን እንጂ ነገሩ ሩቅ አይደለም። አዲስ ለተወለደ ሕፃን ጡት ሳይዝ ለጋ ቅቤ ማዋጥ የቆየ ልማድ ነው፤ በአማራ ክልል የተደረጉ የጡት ማጥባት ጥናቶችም መዝግበውታል። አንጀቱን ያለሰልስለታል ይባላል።

ውሃ መንገድ ሲስት ትን ይለናል፤ ስለን እናወጣዋለን። ቅባት ግን ጉሮሮን ሳይቆጠቁጥ ሾልኮ ያልፋል። በጀርባው ተንጋሎ እያለቀሰ የሚጋት ሕፃን ለልቅሶው አየር ሲስብ ቅቤውንም አብሮ ይስበዋል። ትንታ ያልሰማች እናት ደግሞ በደህና የዋጠ ይመስላታል። ሳንባ ውስጥ ባዕድ ነገር የሚለቅሙ ሕዋሳት ቅባቱን ቢውጡትም በቀላሉ አይፈጩትም፤ አካባቢው ይቆጣል፤ ሲደጋገም ጠባሳ ይሠራል። የእንስሳ ስብ ከአትክልት ዘይት የባሰ ቁጣ ያስነሳል። አናት ላይ የሚደረገው ቅቤ ግን ሳንባ አይደርስምና በእሱ አልጣላም።

ሳሉ፣ ትኩሳቱ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈሱ ከተለመደው የሳንባ ምች አይለይም። መነሻው ጀርም ስላልሆነ ግን አንቲባዮቲክ አይፈውሰውም። ራጅም ብቻውን አይለየውም፤ ቅባቱን ለይቶ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው። ከጃናሞራ ወይም ከደባርቅ ለዚያ ሲባል ጎንደር መውረድ ቀላል ስላልሆነ፣ «ምን አዋጣችሁት?» የሚለው ጥያቄ ከማሽኑ መቅደም አለበት። የሕክምናው መጀመሪያም ቅባቱን ማቆም ነው።

የላምባ ነገር ትንሽ ይለያል። ቀጭን ስለሆነ በፍጥነት ሳንባ ይገባል፤ ጉዳቱም በሰዓታት ውስጥ ይታያል። በሃይላንድ ፕላስቲክ የተቀመጠ የኩራዝ ላምባ ውሃ መስሎት የጠጣን ልጅ ጣት ከትቶ ወይም ወተት ግቶ ማስመለስ አይገባም፤ ሲወጣ ዳግመኛ ወደ ሳንባ ይገባልና። ልብሱ ላይ የፈሰሰ ካለ ማውለቅና ወዲያው ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው፤ ፕላስቲኩንም ይዞ።