ዜና ሴባስቶፖል በምድረ ጋይንት

በ1860 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ መስከረም ሲያልቅ፣ ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በሠረገላ ጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፉ ወደ 70 ኩንታል ይመዝን ነበር። ቤጌምድር ሸፍቶባቸዋልና ስንቅ የሚያቀብል ባላገር አልነበረም፤ ሠራዊቱም በየሌሊቱ ይከዳ ነበር። የዛሬ ተራኪዎች ጥበቡን ለፈረንጆቹ፣ ትዕቢቱን ለንጉሡ ያካፍላሉ። እኔ ግን ሁለቱም ያንድ ሰው ነበሩ እላለሁ፤ ምስክሬም ከመድፉ ይልቅ በጋይንት ያለፈበት መንገድ ነው።

“ንጉሡ መቼ ብረት አቀለጡ? የሠሩት እነ ዋልድማየርና ሳልሙለር አይደሉምን?” የሚል አይጠፋም። እጃቸው ሠርቷል፤ አይካድም። ነገር ግን እነዚያ ከባዝል አጠገብ ከክሪሾና የመጡ ሰዎች ወንጌል ሊያስተምሩ እንጂ መድፍ ሊያፈስሱ አልመጡም፤ አናውቅበትም ብለው ነበር። ሥራው ሲበላሽ እንደገና ያስጀመሯቸው ንጉሡ ናቸው። በመንገዱ ላይ ደግሞ ዋናው ባለሙያ እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ። በደቡብ የእስቴና የስማዳ ምድር እየተሰነጠቀ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ይወርዳል፤ በሰሜን ወደ ተከዜ የሚወርደው ገደል አለ። ያን ሸክም የሚያሳልፈው በመካከሉ የተዘረጋው የጋይንት ደጋና የጨጨሆ አንገት ነው። ይህን ለይተው፣ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው እያነሡ፣ መንገዱን አወጡት። ከመቶ ዓመት በኋላ ቻይናውያን የሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድም በዚያው በጋይንትና በጨጨሆ ነው የሚያልፈው። ንጉሡን ሊወጋ ከዘመተው ከእንግሊዙ ጄኔራል ከናፒየር ጦር ጋር የመጣው ማርክሃም እንኳ የጅጣን ወንዝ ቁልቁለት አይቶ ተደንቋል፤ ጠላት የሄደውም ንጉሡ በጠረጉት መንገድ ነበር።

ሌላው ተከራካሪ “መድፍ ትተው ከእንግሊዝ ጋር እንዴት ይዋጋሉ? ደግሞስ ናፒየርን ቀድመው በመጋቢት መቅደላ ገብተው የለምን?” ይላል። ይህ የሚናቅ ክርክር አይደለም፤ በርግጥ ቀድመዋል። ሆኖም ቀላል ጓዝ የያዘ ሠራዊት በሳምንታት የሚጨርሰው ጉዞ ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል። የእንግሊዙ ደራሲ ቶልኪን በተረቱ፣ ኤልፍ ከሚባለው የማይሞት ነገድ የተወለደ ፌአኖር የሚባል ባለእጅ አለው፤ በእጁ ስለሠራቸው ሦስት ዕንቁዎች ምሎ ወገኑን ያስፈጀ፣ የተሻገረባቸውን መርከቦች ያቃጠለ። ደብረ ታቦርን አቃጥለው የተነሡት ንጉሥ ከርሱ ብዙ አይርቁም። እጅ የሠራውን መተው ሞት ይመስላቸዋል፤ ሰው ሲያልቅ ግን ሥራው ይቀጥላል። ሚያዝያ 3 ቀን ከመቅደላ በታች ባለው በእሮጌ ሜዳ መድፎቹ እንግሊዝን አላስቆሙም፤ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። መቅደላ የደረሰው መድፉ ነው፤ ሠራዊቱ ግን አብዛኛው ገና ቤጌምድር ሳለ ተለይቷቸው ነበር።