የቃል ማብራሪያ፦ መልእክት አቀባባይ

ሜሴጅ ብሮከር፦ መልእክት አቀባባይ። አንድ ፕሮግራም የላከውን መልእክት ተቀብሎ፣ ባለቤቱ እስኪረከበው አስቀምጦ፣ ሲያስፈልግም መልኩን ለውጦ ለሌላ ፕሮግራም የሚያደርስ ሶፍትዌር።

«ብሮከር» ሲባል ብዙዎቻችን «ደላላ» ማለት ይቀናናል። ቡራዩ ወይም ሰበታ ቤት የተከራየ ሰው ደላላን ያውቀዋል፤ ዋጋ ይጠራል፣ ገዢና ሻጭ ያግባባል፣ ኮሚሽኑን ይቀበላል። ይህ ሶፍትዌር ግን ዋጋ አይቆርጥም፣ ማንንም አያግባባም። ሥራው የተሰጠውን ሳያጎድል ማቀበል ነው። ከግንበኛው ሥር ቆሞ ድንጋይና ጭቃ የሚያቀብለው ሠራተኛ ስም ይበልጥ ይስማማዋል። «መልእክተኛ» እንዳንለው ደግሞ መልእክተኛ ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ይህ መሃል ተቀምጦ ከብዙዎች ተቀብሎ ለብዙዎች ይሰጣል።

አሠራሩን ለመረዳት ሱሉልታ ላይ ወተት ሲረከቡ ማየት ይበቃል። ማለዳ ባለላሞቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ተረካቢው ወተቱን ይፈትሻል፣ በሊትር ይለካል፣ ወደ ትልቁ ዕቃ ይገለብጣል፣ ከዚያ መዝገቡን ስቦ ስምና መጠን ያሰፍራል። ባለላሟ ጫኙ መኪና እስኪመጣ አትጠብቅም፤ መኪናውም በየደጁ እየዞረ አያንኳኳም። አንዱ ቢዘገይ የሌላው ሥራ አይቆምም። መልእክቱ ተራውን የሚጠብቅበት ቦታ በሙያው «ኪው» ይባላል፤ «ወረፋ» ብንለው ይገባናል። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ኤምኪውሲሪስ፣ በዛሬ ስሙ አይቢኤም ኤምኪው፣ የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ዌብስፌር ሜሴጅ ብሮከር የተባለው አቀባባይም በእርሱ ላይ ተገንብቶ በሜይንፍሬም፣ ማለትም ትልልቅ ባንኮች ሒሳባቸውን በሚሠሩበት ግዙፍ ኮምፒውተር ላይ ጭምር አገልግሏል።

አሁን ወደ መዝገቡ እንምጣ። የአቀባባዩ መዝገብ የመረጃ ቋቱ ነው፤ በሜይንፍሬም ላይ ብዙ ጊዜ ዲቢቱ የተባለው የቋት ሶፍትዌር ይሆናል። አቀባባዩን ከቋቱ ጋር ማገናኘት ማለት ጥቂት መስመሮች ባሉት የጽሑፍ ፋይል ለሦስት ጥያቄዎች መልስ መስጠት ነው።

የትኛው መዝገብ? በአንድ ማሽን ላይ ብዙ ዲቢቱ ሊኖር ስለሚችል፣ እያንዳንዱ ከ4 ፊደል በማይበልጥ ስሙ ይጠራል። ስሙን የሳተ ባለሙያ የሙከራውን መልእክት እውነተኛው ሒሳብ ላይ ሊጽፍ ይችላል።

በማን ስም? አቀባባዩ የሚጽፍበት መለያ ይሰጠዋል፤ የሚነካውና የማይነካው ሠንጠረዥም በዚያ መለያ ፈቃድ ይወሰናል።

መቼ ይጸናል? ይህ ከሁሉም ይከብዳል። ወተቱ ተገልብጦ ሳይጻፍ ቢቀር ባለላሟ ትከስራለች፤ ሁለት ጊዜ ቢጻፍ ተረካቢው ይከስራል። ስለዚህ «አውቶኮሚት» የተባለው ምርጫ 0 ይደረጋል፤ ቋቱ እያንዳንዱን ጽሑፍ ለብቻው እንዳያጸና ለማለት ነው። አርአርኤስ የተባለው የሜይንፍሬሙ አስተባባሪ ወረፋውንም ቋቱንም «ዝግጁ ናችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም አዎ ካሉ መልእክቱ ከወረፋው ይወጣል፣ ጽሑፉም ይጸናል። አንዱ እምቢ ካለ ሁለቱም ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ።

ይህ የመሐንዲስ ወግ ብቻ አይደለም። ሰበታ ላይ ሆኖ ወደ አገር ቤት ብር የላከ ሰው፣ ከሒሳቡ ተቆርጦ ተቀባዩ ዘንድ አልደረሰም ሲባል ቀኑ እንዴት እንደሚጨልምበት እናውቃለን። በመሃል የቆመው አካል አደራ ተቀባይ ነው፤ አደራውም በእነዚያ ጥቂት መስመሮች ይጸናል ወይም ይፈርሳል። ቃሉን በአማርኛ ስንሰይም ይህን አደራ የሚያስታውስ ስም ይገባዋል።

አጠቃቀም፦ «አቀባባዩ መልእክቱን ተረክቧል፤ ቋቱ ግን ገና አላጸናም።» «ወረፋውን ከመክፈታችሁ በፊት የአቀባባዩን መለያ አረጋግጡ።»