ስም ያልተጻፈባቸው የሸክላ ፊቶች

የሰው መልክ ለመሥራት የግድ ቀለምና ሸራ ያስፈልጋል የሚል ብዙ ሰው አለ። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ በደባርቅ መንገድ ላይ የምትገኘው ወለቃ ግን ሌላ ታሪክ አላት። በዚያ የቤተ እስራኤል ሴቶች እንስራና ድስት በሚሠሩበት አፈር የሰው ምስል ይሠሩ ነበር።

የሙያው ሥር ችግር ነው። ቤተ እስራኤሎች ለረጅም ዘመን ርስት ስለተነፈጉ ኑሯቸውን በእጅ ሥራ ላይ መሠረቱ። ወንዶቹ ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ሆኑ። ጎረቤቱ ማረሻውንና ምጣዱን ከእነሱ ይገዛል፤ ዞር ብሎ ደግሞ «ቡዳ» ይላቸዋል። እንጀራውን የሚጋግርበትን ምጣድ የሠራችለትን ሴት ዓይኗን ይፈራል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደርን ለማየት የሚመጣው እንግዳ እየበዛ ሲሄድ አዲስ ገበያ ተከፈተ። እንስራ ተሸክሞ አገሩ የሚገባ እንግዳ የለም፤ በመዳፍ የምትያዝ ምስል ግን ይገዛል። ሴቶቹም ልጅ ያዘለች እናት፣ እንስራ የተሸከመች ሴት፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ ንጉሥ ሰሎሞንንና ንግሥተ ሳባን ሠሩ። መሣሪያቸው እጃቸው ነው። አፈሩ ተቦክቶ ይቀረጻል፣ ይደርቃል፣ ከዚያም በእሳት ይተኮሳል። በደንብ ሳይደርቅ እሳት ያገኘው ይሰነጠቃል፤ የብዙ ቀን ድካም በአንድ ጊዜ ይጠፋል።

በ1977 ዓ.ም. ብዙዎች በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሄዱ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ብቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ሙያው ግን አልሞተም፤ በወለቃ ክርስቲያን ሴቶች ይዘውት ቀጥለዋል።

የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ምስሎቹ ባሕር ተሻግረው በየሰው ቤት ተቀመጡ፤ የሠሪዎቹ ስም ግን አብሮ አልሄደም። ሥራቸው የተጠራው በሕዝባቸው ስም፣ ያውም ራሳቸው በማይወዱት «ፈላሻ» በሚለው መጠሪያ ነበር። በዘመናችን የአዲስ አበባው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ በክር፣ በልብስ ቁልፍና በተጣለ የኮምፒውተር ዕቃ በሚሠራቸው ሥራዎች በዓለም ዙሪያ በስሙ ይታወቃል። ይገባዋልም። ለወለቃዋ እናትም ይህ ይገባት ነበር።

እህቶች፣ እኛም በደንዲ ጀበናውን ወደን እየገዛን ሠሪዋን ዝቅ አድርገን የምናይ ካለን ከዛሬ ጀምሮ እንተው። ሸክላ የምትሠሩ ደግሞ አፈሩ ሳይደርቅ ከሥሩ ስማችሁን ጫሩበት። መጻፍ የማትችል የራሷን ምልክት ታድርግ። እሳት ካለፈበት በኋላ ማንም አያጠፋውም።