«መጣሁ»፦ የልጅ ትዕግሥትና የአዋቂ ቃል

አማርኛ ተናጋሪ ሰው ለጥቂት ጊዜ ከቤት ሲወጣ «መጣሁ» ይላል። ደጁን ሳይሻገር መመለሱን እንዳለቀ ነገር አድርጎ ይናገራል። ይህ ቃል በአዋቂዎች መካከል ሲባል ችግር የለውም፤ ሁለቱም ስንት እንደሚመዝን ያውቃሉ። የሦስት ዓመት ልጅ ግን ቃሉን እንዳለ ይቀበለዋል። እናቱ ነጠላዋን አጣፍታ «መጣሁ፣ ብስኩት ይዤልህ እመጣለሁ» ብላው ስትወጣ በሩ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ብዙ ሳትቆይ ብስኩቱን ይዛ ከገባች አንድ ነገር ይማራል፤ አመሻሽ ላይ ባዶ እጇን ከገባች ደግሞ ሌላ ነገር ይማራል። የሥነ ልቦና መግቢያ መጻሕፍት ራስን መግዛት እያሉ ከልጁ ባሕርይ የሚቆጥሩት ኃይል፣ ከሚታሰበው በላይ የተገነባው በዚህ ዓይነት ትምህርት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ራስን ስለ መግዛት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሥነ ልቦና ምሁሩ የዋልተር ሚሼል ሙከራ ነው። ሚሼል እ.ኤ.አ. በ1930 ቪየና ውስጥ ተወልዶ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በቢንግ መዋዕለ ሕፃናት፣ አራት ዓመት ግድም የሆናቸውን ልጆች አንድ በአንድ ወደ አንዲት ክፍል እያስገባ ምርጫ ሰጣቸው። አጥኚው ወጥቶ እስኪመለስ የጠበቀ ልጅ የተሻለውን ያገኛል፤ መጠበቅ ያቃተው ደወል መትቶ ያነሰውን ይወስዳል። ከሽልማቶቹ አንዱ ማርሽማሎ የሚባለው ለስላሳ ነጭ ከረሜላ ስለነበር የሙከራው ስም ከእሱ ጋር ቀረ።

ሚሼል ራሱ ሊያውቅ የፈለገው ማን ታጋሽ፣ ማን ችኩል እንደሆነ አልነበረም። ልጅ እንዴት መጠበቅ እንደሚችል ነበር የሚመረምረው። ከኤቤ ኤብሰን ጋር በ1970 ባሳተመው ጥናት፣ ሽልማቶቹ ፊታቸው የተቀመጡላቸው ልጆች በአማካይ የጠበቁት አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከዓይናቸው ሲሰወርላቸው ግን አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ቆዩ። በሌላ ጥናቱ ማርሽማሎውን እንደ ነጭ ደመና አድርገው እንዲያስቡት የተነገራቸው ልጆችም፣ ጣዕሙን እንዲያስቡ ከተነገራቸው ይልቅ ረጅም ጊዜ ጠበቁ። የልጁ ባሕርይ በደቂቃዎች ውስጥ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚያየውና የሚያስበው ነገር ነው። ሚሼል በ1968 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፍም ቢሆን፣ በመጠይቅ የሚለካ የሰብእና ባሕርይ ሰው በተጨባጭ ከሚያደርገው ነገር ጋር ያለው ተዛምዶ ብዙውን ጊዜ ከ0.30 እንደማያልፍ ተከራክሮ ነበር። ባሕርይ ዕጣ ፈንታ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ሲቃወም የኖረ ምሁር፣ በሕዝብ ዘንድ የዚያው አስተሳሰብ ምስክር ተደርጎ መወሰዱ ያሳዝነኛል።

ለዚህ ያበቃው በ1990 የወጣው የክትትል ጥናት ነው። በልጅነታቸው የጠበቁት በኋላ በኮሌጅ መግቢያ ፈተና የተሻለ ውጤት አመጡ የሚለው ዜና ዓለምን አዳረሰ። ከመጀመሪያዎቹ ከ600 በላይ ልጆች መካከል የፈተና ውጤታቸው የተገኘው ግን 94 ብቻ ነበሩ። ጠንካራው ተዛምዶ የታየውም ጣፋጩ ፊታቸው ሆኖ ምንም ዘዴ ሳይነገራቸው በጠበቁት 35 ልጆች ላይ ነው። በ2018 ታይለር ዋትስና ባልደረቦቹ ከ900 በላይ ልጆችን ይዘው ጉዳዩን እንደገና ሲመረምሩ፣ በ15 ዓመት ዕድሜ ከታየው የትምህርት ውጤት ጋር ያለው ተዛምዶ በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። የቤተሰቡ ኑሮ፣ የቤቱ ሁኔታና የልጁ የቀደመ ችሎታ በስሌቱ ሲካተቱ ደግሞ ከዚያም አብዛኛው ጠፋ።

ታዲያ አንዱን ልጅ የሚያስጠብቀው፣ ሌላውን የሚያስቸኩለው ምንድን ነው? ለእኔ ከሁሉ ይልቅ አሳማኙን መልስ የሰጠው፣ ሴለስት ኪድና ሁለት ባልደረቦቿ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሠርተው በ2013 ያሳተሙት ትንሽ ጥናት ነው። ልጆቹ 28 ብቻ ናቸው። ማርሽማሎው ከመምጣቱ በፊት እያንዳንዱ ልጅ ለሥዕል ተቀምጦ አሮጌ ከለሮች ተሰጡት፤ አጥኚዋም «ከጠበቅህ የተሻለ አመጣልሃለሁ» ብላው ወጣች። ለግማሾቹ ልጆች የተባለውን ይዛ ተመለሰች። ለቀሩት ግን ባዶ እጇን ገብታ ይቅርታ ጠየቀች፤ ሌላ የለንም አለች። ይኸው ነገር በተለጣፊ ሥዕሎች ተደገመ። ከዚያ በኋላ ነው ማርሽማሎው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው። ቃሏ የተፈጸመላቸው ልጆች በአማካይ 12 ደቂቃ ጠበቁ፤ ያልተፈጸመላቸው 3 ደቂቃ። እስከ መጨረሻው 15 ደቂቃ ድረስ የታገሡት ከመጀመሪያዎቹ 14 ልጆች 9፣ ከሁለተኛዎቹ 14 ደግሞ 1 ብቻ ነው።

ያ ፈጥኖ የበላው ልጅ አእምሮው በሚገባ ሠርቷል። ሁለት ጊዜ ያታለለችው ሴት ሦስተኛ ጊዜ «ጠብቅ» ብትለው፣ እጁ ላይ ያለውን መብላቱ ማስተዋል ነው። ሚሼልም ቢሆን ይህን ገና ከጠዋቱ አይቶት ነበር። በ1958 ባሳተመው ጥናት በትሪኒዳድ ልጆችን ዛሬ ትንሽ ከረሜላ፣ ወይስ በሚቀጥለው ሳምንት ትልቅ እያለ ሲያስመርጣቸው፣ አባት በቤት የሌላቸው ልጆች ይበልጥ ወደ ዛሬዋ አዘንብለዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ ቃል የገባው ሰው ይመለሳል ብሎ ማመን አለማመን እንደሆነም ገምቷል።

እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ዕቁብ አለን። ዕጣው መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ዕቁብተኛ ለወራት እየከፈለ ይጠብቃል፤ ታጋሽ ብሎ የሚያወድሰው ግን የለም። የሚጠብቀው ዳኛውን ስለሚያምን፣ ቀድሞ የወሰደውም ዋስ ስላቀረበ ነው። ዳኛው የተጠረጠረበት ዕቁብ ውስጥ ቶሎ ልውሰድ ያለውንም ማንም ሆዳም አይለውም። ልጅ ግን ዋስ መጥራት አይችልም። በእጁ ያለው መያዣ ትናንት የሆነውን ማስታወሱ ብቻ ነው።

እምነት ብቻውን ግን ሁሉን አይገልጽም፤ ስሜትን የማስታገሥ አስተዳደግም አለ። ቤቲና ላምና ባልደረቦቿ በካሜሩን ያሉ የንሶ ገበሬዎች ልጆችን ከጀርመን ልጆች ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ከንሶዎቹ 70 በመቶ ያህሉ አሥር ደቂቃውን ሲጠብቁ ከጀርመኖቹ የቻሉት 28 በመቶዎቹ ናቸው። ለንሶዎቹ የቀረበው ከእኛ ቦምቦሊኖ ጋር የሚቀራረብ፣ በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ ሊጥ ነበር። ጀርመኖቹ ሲቁነጠነጡ ንሶዎቹ ረጋ ብለው ተቀመጡ፤ አንዳንዶቹንም እዚያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። የንሶ እናቶች ገና ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ ሕፃኑ ለቅሶውን እንዲገታ ይጠብቁበታል። «ትልቅ ሰው ሳይጀምር እጅ አይሰደድም» ተብሎ መሶብ ዙሪያ ላደገ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ይሁንና እንዲህ ያለው ልጅም ቢሆን በመጨረሻ ድርሻው እንደሚደርሰው ያውቃል።

በብዙ ቤት የማየው አንድ ልማድ አለ። እናት ልጇ እንዳያለቅስባት ጫማዋን አስቀድማ ጓሮ ታስወጣለች፤ ሞግዚቷ ልጁን በጨዋታ ስትይዘው እሷ በጀርባ በር ትወጣለች። ጭካኔ የለበትም፤ ለቅሶውን መስማት ስለማይሆንላት ነው። ልጁ ግን ዞር ሲል እናቱ የለችም። በማግስቱ ቀሚሷን ይዞ የማይለቃት፣ ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሄድ እንኳ የሚከተላት ለዚህ ይመስለኛል። እኛም «ትዕግሥት የሌለው ልጅ» እንለዋለን። ትምህርት ቤት ሲገባም ይኸው ቃል ውጤት መግለጫው ላይ ይሰፍርበታል።

ወላጆችም መምህራንም ይህን ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት፣ ልጁ ሲጠብቅ ኖሮ ያገኘው ምን እንደሆነ ጠይቁ። ስትወጡም በፊት በር ውጡ፤ ያልቅስ። ሰዓት ስለማያውቅ «ከምሳ በኋላ» በሉት፤ ከምሳ በኋላም ተመለሱ።