በዐጸዱ ውስጥ ስለ ተረፉት ዛፎች ታሪክ

የደቡብ ጎንደርን ደጋ የሚሻገር መንገደኛ በታረሰው ምድር መካከል ጥቍር ደን ባየ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ሳይጠይቅ ያውቃል። የቀደመው ደን ለእርሻና ለማገዶ ሲመነጠር በዐጸዱ ያለው ጥድ፥ ወይራ፥ ዝግባና ኮሶ ስለ ታቦቱ ክብር ተረፈ።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በአውሮጳ አቈጣጠር በ2007 ዓመት በፈጸሙት ጥናት፥ በዚያው አገር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ ቈጥረዋል። ይህ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በአፈሩ ውስጥ የተኛ ዘር ቢመረመር የሚበዛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር ሆኖ ተገኘ፤ የዛፎቹ ዘር ከጥቂቱ በቀር አልነበረም። የብዙዎቹ ዛፎች ዘር በጎተራ እንዳለ እህል በምድር ተከማችቶ ዘመን አይጠብቅምና። ስለዚህ የአንድ ዓይነት እናት ዛፎች ካለቁ፥ ዘሩን ከሌላ ደን የሚያመጣ ወፍ ወይም ሰው ካልተገኘ በቀር ያ ዓይነት ከዐጸዱ ጠፋ ማለት ነው። ፍሬውን የሚለቅመው ወፍ፥ አበባውን የሚቀስመውም ንብ ይርቃሉ፤ የሌሎቹን ዛፎች ዘር የሚበትነው ግን ያው ወፍ ነበረ።

እናቶቹ ቆመው ሳሉስ ልጆቻቸው ስለ ምን አያድጉም? ጥፋቱ የምሳር ብቻ አይደለም፤ ከብት ገብቶ ቡቃያውን ይግጣል፥ ምድሩንም ይረግጣል። ስፍራው ታጥሮ በተፈተነ ጊዜ ችግኙ በረከተ። እኛ ካህናቱ ዛፍ የቈረጠውን እንገሥጻለን፤ በሬውን ያስገባውን ግን አይተን እናልፋለን።

ከዚያ ወዲህ በአንዳንድ አጥቢያ ምእመናን ከእርሻቸው የለቀሙትን ድንጋይ ተሸክመው በደኑ ዙሪያ ካብ ካቡ፤ እርሻቸውም ከድንጋይ ጸዳ። የእኛ ዐጸድ ካብ በምሥራቅ በኩል ከፈረሰ ሁለት ክረምት አለፈው።