ማንም ያላነበበው የነፋስ ሪፖርት

ኖቬምበር 24 ቀን 1944 (እ.ኤ.አ.) ከማሪያና ደሴቶች የተነሱ 111 የአሜሪካ ቢ-29 ቦምብ ጣዮች ወደ ቶኪዮ አመሩ። ዒላማቸው የአውሮፕላን ሞተር ፋብሪካ ነበር። ከተማዋ ላይ ሲደርሱ ግን በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚከንፍ ነፋስ ከኋላ ገፋቸው። ዳመናም ተጨምሮበት፣ ፋብሪካውን መደብደብ የቻሉት 24 ብቻ ነበሩ።

አብራሪዎቹ እንግዳ ነገር የገጠማቸው መሰላቸው። ነፋሱ ግን ከ18 ዓመት በፊት ተመዝግቧል። ጃፓናዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ዋሳቡሮ ኦይሺ ታቴኖ ከሚባል ጣቢያ ፊኛ እየለቀቀ ከ1923 እስከ 1925 ከ1,200 ጊዜ በላይ ለክቶታል። ውጤቱን በ1926 ያሳተመው በኤስፔራንቶ ነው፤ የዓለም ሁሉ መግባቢያ ይሆናል ተብሎ በተፈጠረ ቋንቋ። የውጭ ሰው እንዲያነበው አስቦ ነበር። በጃፓንኛ ቢጽፈው ኖሮ ምናልባት ቢያንስ አስተርጓሚ ይፈለግለት ነበር።

ነፋሱ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። የሞቀ አየር ይለጠጣል፣ ወደ ላይ ይረዝማል፤ የቀዘቀዘው ይታመቃል። ስለዚህ 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲለካ በሞቃቱ በኩል ከበላይ የቀረው አየር ይበዛል፣ ግፊቱም ከፍ ይላል። በቀዝቃዛው በኩል አብዛኛው አየር ከታች ስለቀረ ግፊቱ ዝቅ ይላል። አየሩ ከሞቃቱ ደቡብ ወደ ቀዝቃዛው ሰሜን ሊሄድ ሲነሳ የምድር መሽከርከር ወደ ቀኝ ያጥፈዋል፤ በመጨረሻም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። የሙቀቱ ልዩነት በሰፋ ቁጥር ነፋሱ ይበረታል። በብርዱ ወራት ጃፓን በቀዝቃዛዋ ሳይቤሪያና በሞቃቱ ፓሲፊክ መካከል ስለምትወድቅ፣ በዓለም ላይ ነፋሱ እጅግ ከሚበረታባቸው ቦታዎች አንዷ ናት።

የጃፓን ጦር ይህን ነፋስ ለጥቃት ተጠቀመበት። ተማሪ ልጃገረዶች ሳይቀሩ ከወረቀት የሠሯቸው ወደ 9,000 የሚጠጉ ቦምብ ተሸካሚ ፊኛዎች ፓሲፊክን እንዲሻገሩ ተለቀቁ። አብዛኞቹ የትም ቀሩ። ሜይ 5 ቀን 1945 ግን ኦሪገን ጫካ ውስጥ ለሽርሽር የወጡ አንዲት ነፍሰ ጡርና አምስት ልጆች ከወደቀ ፊኛ ጋር ተገናኝተው ሞቱ።

አሜሪካኖቹም ከከፍታ አነጣጥሮ መምታት ሲያቅታቸው ዝቅ ብለው፣ በሌሊት፣ ተቀጣጣይ ቦምብ ወደ መጣል ዞሩ። ነፋሱ ብቸኛው ምክንያት አልነበረም፤ አንዱ ግን ነበር። በማርች 9 እና 10 ቀን 1945 ሌሊት ቶኪዮ ስትቃጠል 100,000 ገደማ ሰው አለቀ።

በ1947 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነፋሱን በጽሑፋቸው «ጄት ስትሪም» አሉት፤ ስሙም ጸና። ኦይሺ ያረፈው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።